የሰበር ሥልጣን ወሰኑ የት ላይ ነው?



ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር አለ፤ «እዚህ ብሸነፍ ይግባኝ አለ፤ ይግባኙም ባይሳካ ሰበር አለ» ይላል። በዚህ አነጋገር ፍርድ ቤቶች አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው ይታያሉ። የበታቹ ያጠመመውን የበላዩ ያቃናል፤ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ደግሞ ምንም ነገር ማስተካከል ይችላል። ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ይህ እምነት ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን ነው። የበላይ ፍርድ ቤት የበታቹን ውሳኔ የሚነካበት ሥልጣን አጥር አለው። አጥሩን ያላወቀ ባለጉዳይ ገንዘቡንና ዓመታቱን ይጨርሳል፤ አጥሩን የማያከብር ዳኛ ደግሞ ላንዱ ያዘነ መስሎት ሌላውን ይበድላል።

አጥር የሌለው የማረም ሥልጣን ምን እንደሚመስል ከታሪካችን እናውቀዋለን። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተሟጋች ከአጥቢያው ሹም ተነሥቶ፣ በየደረጃው ያሉትን ዳኞችና አፈ ንጉሡን አልፎ፣ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ አቤት ይል ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ ለዙፋን ችሎት አቤቱታ የሚቀርብበትን ሥርዓት የሚደነግግ ክፍል ነበረው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በተባለበት አገር፣ የመጨረሻው ቃል የንጉሡ መሆኑ ማንንም አያስደንቅም። በዚያ መንገድ ከጉልበተኛ እጅ የዳነ ድሃ እንደነበረ አልክድም። ሆኖም አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ ወራት ተቀምጦ፣ አማላጅ አቁሞ ደጅ ለመጥናት አቅም የነበረው በአብዛኛው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። አገር ቤት ተሟግቶ የረታ ገበሬ፣ ባላጋራው ወደ ላይ መውጣት እስከቻለ ድረስ፣ የረታውን መሬት ልቡ አርፎ ማረስ አይችልም ነበር።

ዙፋን ችሎት ከ1967ቱ ለውጥ ጋር አበቃ። ዛሬ ሰበር የምንለው ሥርዓት የመጣው በ1980 ዓ.ም.፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 9 ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 ደግሞ ሕገ መንግሥታዊ መሠረት አገኘ። ድንጋጌው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ ለማረም ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰበር የማየት ሥልጣን ይሰጣል። ሥልጣኑ ሰፊ ይመስላል፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች አስረውታል። ውሳኔው የመጨረሻ መሆን አለበት፤ ስሕተቱም የሕግ፣ ያውም መሠረታዊ መሆን አለበት።

ወደ ሰበር ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ ይግባኝ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃልና። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከሰበር ይልቅ እጁ ረጅም ነው። ሕጉንም ፍሬ ነገሩንም ማየት ይችላል፤ ውሳኔውን ሊያጸና፣ ሊያሻሽል ወይም ሊሽር፣ አንዳንዴም የተወሰነ ነጥብ እንዲታይ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ሊመልሰው ይችላል። እንዲህም ሆኖ ክርክሩን እንደ አዲስ አይጀምርም። በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሣ ፍሬ ነገር በይግባኝ ይዞ ብቅ ማለት በመርሕ ደረጃ አይፈቀድም። ተጨማሪ ማስረጃም እንደ ልብ አይቀርብም፤ የሥር ፍርድ ቤት መቀበል ሲገባው ያልተቀበለው ሲሆን ወይም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ፍርድ ለመስጠት የግድ ሲያስፈልገው ብቻ ነው። ዳኛው ቀጠሮ አራዘመብኝ፣ መቃወሚያዬን አልተቀበለኝም፣ ምስክሬን አልሰማልኝም ብሎ ዋናው ፍርድ ሳይሰጥ መሐል ላይ ይግባኝ ማለትም ክልክል ነው፤ ቅሬታው ተጠብቆ ከመጨረሻው ፍርድ ጋር ነው የሚነሣው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚባለው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ደረጃውን ውሳኔ በይግባኝ አይቶ ካጸናው የመደበኛው ይግባኝ በር ይዘጋል። ሁለት ፍርድ ቤቶች አንድ ነገር ላይ ከተስማሙ ሦስተኛ አይጠየቅም ማለት ነው፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን የለወጠው እንደሆነ ግን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ገደብ ለምን? ምክንያቱ መጀመሪያ ጉዳዩን በሰማው ዳኛ ዘንድ ይገኛል። ምስክር ሲምል፣ ሲንተባተብ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ሲያጣድፈው፣ ያየውን ከሰማው ጋር ሲቀላቅል ያየው ያ ዳኛ ነው። ይግባኝ ሰሚውና ሰበር ችሎት የሚያገኙት ወረቀቱን ብቻ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ወረቀት ግን ያልተጻፈበትን መያዝ አይችልም። የምስክሩ ዝምታ ምን ያህል እንደቆየ፣ ድምፁ የት ላይ እንደተለወጠ መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ ምስክሩ ይታመናል ወይስ አይታመንም በሚለው ጥያቄ ከታች ያለው ዳኛ ከላይ ካሉት አምስት ዳኞች የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ላይ ያሉት በዕውቀት ቢበልጡት እንኳ በዚህ አይበልጡትም።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሰው ነው፤ የረታው ሰው። ስለ ይግባኝና ስለ ሰበር ስንነጋገር ሁልጊዜ የምናስበው የተበደለውን አመልካች ነው። ተጠሪው ግን አለ፤ እሱም ዓመታት የተሟገተ፣ ለጠበቃ የከፈለ፣ ፍርድ በእጁ ይዞ ቤቱን እንዲረከብ ወይም ገንዘቡን እንዲቀበል የሚጠብቅ ሰው ነው። የበላይ ፍርድ ቤት አጥሩን በዘለለ ቁጥር ከዚህ ሰው እጅ ሕግ የሰጠውን ነገር ይወስዳል። ርኅራኄ ለአመልካች ብቻ የሚገባ ስሜት አይደለም።

አሁን ወደ ሰበር እንግባ። ነገሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ነጋዴ ለወዳጁ 300,000 ብር አበድሬው ከለከለኝ ብሎ ከሰሰ እንበል። የጽሑፍ ውል የለም፤ ገንዘቡ ሲቆጠር ያዩ ሁለት ምስክሮች ግን አሉ። ዳኛው ምስክሮቹን አምኖ ተከሳሹ ይክፈል ብሎ ፈረደ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የብድር ገንዘብ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ የእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ ነው ይላል። እንግዲህ ዳኛው ምስክሮቹ እውነተኞች ናቸው ማለቱን ሰበር ሊነካው አይችልም፤ ሕጉ ለዚህ ዓይነት ብድር የምስክርን ቃል በማይቀበልበት ቦታ በምስክር መፍረዱ ግን የሕግ ስሕተት ነው። ምሳሌውን ትንሽ እንለውጠው። አሁን የጽሑፍ ውል አለ፤ ተከሳሹ ግን ፊርማው የእኔ አይደለም ይላል። የፎረንሲክ ምርመራ ተደረገ፤ ውጤቱም የእሱ ነው አለ፤ ዳኛው ይህን ተቀብሎ ፈረደ። ተከሳሹ ሰበር ቢሄድና «ምርመራው ተሳስቷል፣ ፊርማው የእኔ አይደለም» ቢል በሩ ዝግ ነው። በእርግጥ ፊርማው የእሱ ባይሆን እንኳ ዝግ ነው።

ይህን መስማት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። አድልዎ የሌለበት፣ ቅን ዳኛ በፍሬ ነገር ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱም በይግባኝ ካልታረመ ሳይታረም ሊቀር ይችላል። ሕጉ ለዚህ ያስቀመጠው ጠባብ ቀዳዳ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 6 የተደነገገው ፍርድን እንደገና የማየት ሥርዓት ነው። ሐሰተኛ ሰነድ፣ የሐሰት ምስክርነት ወይም መደለያ የመሰለ ነገር ኋላ ሲታወቅ፣ ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት ራሱ መዝገቡን መልሶ ይከፍታል። ከዚያ ውጭ ያለው ስሕተት ፍርድ የሰው ሥራ በመሆኑ አብሮት የሚመጣ ነው። ሰበር ቢከፈትለት እንኳ አይጠፋም፤ ወረቀት ብቻ ወደሚያዩ ሌሎች ሰዎች ይሻገራል እንጂ።

የሕግ ስሕተት የቱ ነው ለሚለው ጥያቄ ለረጅም ዘመን የተጻፈ መልስ አልነበረንም፤ ችሎቱ በየመዝገቡ ነበር የሚተረጉመው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ግን ትርጉም ሰጠው። ከዘረዘራቸው መካከል ሕገ መንግሥቱን መቃረን፣ ሕግን አላግባብ መተርጎም ወይም ለጉዳዩ አግባብ የሌለውን ሕግ መጥቀስ፣ ትክክለኛውን ጭብጥ አለመያዝ፣ በፍርድ ሊታይ የሚገባውን ጉዳይ አይታይም ብሎ መመለስ፣ ከዋናው ፍርድ ጋር የማይጣጣም የአፈጻጸም ትእዛዝ መስጠት፣ በሥረ ነገር ሥልጣን ሳይኖር መፍረድ ይገኙበታል። ይህም ብቻ አይበቃም፤ ስሕተቱ ፍትሕን በጉልህ የሚያዛባ መሆን አለበት። እኔ ይህን ትርጉም ትልቅ እርምጃ አድርጌ አየዋለሁ፤ ዜጋው ከደጃፉ ሳይደርስ በሩ ይከፈትለት እንደሆነ መገመት ችሏልና።

ትርጉሙ ግን ሁሉን አልፈታም። ጭብጥ አለመያዝ የሚለውን ውሰዱ። ጭብጥ ተከራካሪዎቹ የሚካካዱበት፣ ዳኛው መልስ ሊሰጥበት የሚገባው ነጥብ ነው። በብድሩ ምሳሌ ተከሳሹ «ተበድሬያለሁ፣ ግን ከፍያለሁ» ቢል ጭብጡ መክፈሉ ነው፤ የማስረዳት ሸክሙም ወደ እሱ ይዞራል። ዳኛው ይህን ሳይዝ «ከሳሽ አልከፈለኝም የሚለውን አላስረዳም» ብሎ ክሱን ቢዘጋ፣ የማስረጃ ምዘና የሠራ ይምሰል እንጂ ሕግ ነው የጣሰው። ማስረጃ ከነጭራሹ ሳያይ ማለፍም እንዲሁ ነው፤ ማስረጃውን አይቶ ሚዛን አልደፋልኝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ጥሩ ጠበቃ ሁሉ የፍሬ ነገር ቅሬታውን የሕግ ልብስ አልብሶ የሚያቀርበው በዚህ ድንበር ላይ ነው። «ማስረጃው በአግባቡ አልተመዘነም» የምትለው ሐረግ በሰበር አቤቱታዎች ላይ እንዲያ የበዛችው ለዚህ ነው። ዳኞች እዚህ ላይ ጥብቅ ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ አንድ ጊዜ ላሳዘነ አመልካች የተከፈተ ቀዳዳ ለሚቀጥለው ጮሌ ተከራካሪም ይከፈታልና።

በሌላ በኩል አጥሩ የት መቆም እንዳለበት አገሪቱ ራሷ ገና የምትከራከርበት ጉዳይ አለ፤ እሱም የክልሎች ጉዳይ ነው። አንቀጽ 80 የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች በክልል ጉዳዮች የበላይና የመጨረሻ የዳኝነት ሥልጣን አላቸው ይላል፤ የራሳቸው ሰበርም አላቸው። ያው አንቀጽ ደግሞ ለፌዴራሉ ሰበር «ማናቸውንም» የመጨረሻ ውሳኔ የማየት ሥልጣን ሰጥቷል። ክልሉ በራሱ ሕግ አውጪ ባወጣው ሕግ፣ በራሱ ዳኞች፣ በራሱ ሰበር የጨረሰውን ጉዳይ የፌዴራሉ ሰበር መልሶ ይክፈተው? የሕግ ምሁራን በሁለት ጎራ ተከፍለው ተሟግተዋል፤ ችሎቱ ግን ለዓመታት ሲከፍተው ኖሯል።

ከተከፈቱት አንዱን ላንሣ። በቀድሞው ደቡብ ክልል እናቱ የሞተችበትን ሕፃን አክስቱ አሳደገችው። ከዓመታት በኋላ አባት ሕፃኑ ለእኔ ይገባል ብሎ ፍርድ ቤት ቆመ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የቤተሰብ ሕጉን አዩና ከወላጆቹ አንዱ ሲሞት ሌላው ብቻውን ሞግዚት ይሆናል ብለው ለአባት ፈረዱ። የፌዴራሉ ሰበር በ2000 ዓ.ም. ያንን ሻረው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶች ሕፃናትን በሚመለከት ሁሉ የሕፃኑን ጥቅም እንዲያስቀድሙ ያዛል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው፤ ስለዚህ የቤተሰብ ሕጉ ለብቻው ተነጥሎ አይነበብም አለ። ሕፃኑም ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ሆነ። ይህን ውሳኔ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። ትክክል ነበር ብዬም አምናለሁ። ያም ሆኖ፣ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የተረጎሙት የክልሉን ሕግ ነበርና፣ ለዚህ ውሳኔ ደስ ያለው ሰው ሥልጣኑ ራሱ የት ድረስ እንደሚሄድ ከመጠየቅ ነፃ አይወጣም። የሚወደድ ውጤት ያመጣ ሥልጣን ነገ የማይወደድ ውጤትም ያመጣል።

አዋጅ 1234 ለዚህ መካከለኛ መንገድ ፈለገ። በክልል ጉዳይ የተሰጠ ውሳኔ ወደ ፌዴራል ሰበር የሚመጣው ሕገ መንግሥቱን ሲቃረን ወይም ሕግን ሲያዛባ፣ በዚያም ላይ ጉዳዩ አገራዊ ፋይዳ ያለው የሕዝብ ጥቅም ሲኖረው ነው። የሕፃኑ ጉዳይ ይህን መስፈርት ያልፍ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጥያቄው የአንድ ቤተሰብ ብቻ አልነበረምና። ሁለት ጎረቤታሞች ስለ አንድ አጥር ወሰን የተካሰሱበት ግን እዚያው ክልሉ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ማለቁም ለክልሉ ዳኝነት ክብር ነው።

የሰበርን ሥልጣን እንዲህ መጠበቅ አስፈላጊ የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ከአምስት በማያንሱ ዳኞች የተሰጠ የሰበር የሕግ ትርጉም በየትኛውም እርከን ያለ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤት ላይ አስገዳጅ እንዲሆን አደረገ። ችሎቱ ከዚያ ወዲህ ትርጉም ሲሰጥ የሚፈርደው ፊቱ በቆሙት ሁለት ሰዎች ላይ ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የቤት ሽያጭ ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ካልተመዘገበ አይጸናም ብሎ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1723 ሲተረጉም፣ በሽማግሌና በምስክር ፊት ተፈራርሞ ገንዘቡን የከፈለ ገዥ ሁሉ ተናወጠ። የቤት ዋጋ ሲንር ሐሳቡን መለወጥ ለሚፈልግ ሻጭ ደግሞ መውጫ ተገኘ። ነገሩ ወደ ባንኮች የመያዣ ውል ሲደርስ ሕግ አውጪው በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 639 ጣልቃ ገብቶ ከባንኮችና ከጥቃቅን ፋይናንስ ተቋማት ጋር የሚደረገውን የመያዣ ውል ከዚያ ግዴታ ነፃ አደረገ። በግልግል ጉዳይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ተዋዋዮች የገላጋዮቹ ውሳኔ የመጨረሻ ይሁን ብለው ከተስማሙ ሰበር አይገባም የሚል አቋም ነበር፤ ኋላ ችሎቱ የሰበር ሥልጣን በስምምነት አይቀርም አለ፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237 ደግሞ ተዋዋዮቹ በስምምነት ሊያስቀሩት እንደሚችሉ ደነገገ። ሰበር አቋሙን ራሱ በሌላ ጊዜ ሊለውጥ ይችላል። በመካከሉ ግን የቀድሞውን ትርጉም አምነው የተዋዋሉ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ የሚመልስላቸው የለም።

ሰበር ራሱስ የመጨረሻው ነው? በሕገ መንግሥት ትርጉም ጉዳይ አይደለም። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤም ያግዘዋል። በ1996 ዓ.ም. አንዲት ሴት ፈቃዴን ሳልሰጥ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተዳኘሁ ብላ በፍርድ ቤቶቹ ሁሉ አልፋ፣ በሰበርም ሳይሳካላት ቀርቶ፣ ለምክር ቤቱ አቤት አለችና ተሰማላት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለእንዲህ ያለው ዳኝነት የተከራካሪዎቹን ፈቃድ ይጠይቃል። የአጣሪ ጉባኤው ሰብሳቢ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መሆኑን ሳስብ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ በአንድ እጅ ያለፈን ፍርድ ያው እጅ መልሶ ሊመዝነው ይችላል። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ለባለጉዳይም ለመንግሥትም ነው። ባለጉዳይ ጉዳዩን የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም በአብዛኛው መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ሰነዱ ሁሉ፣ ምስክሩ ሁሉ፣ ክርክሩ ሁሉ እዚያ መቅረብ አለበት። «ለይግባኝ አቆየዋለሁ» የሚል ምክር የሰጣችሁ ሰው ካለ አትስሙት። መንግሥት ደግሞ የተሻለ ደመወዝ፣ ጊዜ ያለው ዳኛና የምስክርን ቃል ሙሉ በሙሉ የሚይዝ ቀረጻ መጀመሪያ ማድረስ ያለበት ለወረዳና ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ፍሬ ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚታረምበት ዕድል ጠባብ ነው።

ለሰበርም አንድ ልመና አለኝ። አቤቱታ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚያየው ሦስት ዳኞች ያሉበት አጣሪ ችሎት ነው፤ የሚያስቀርብ ነጥብ ካለው አምስት ዳኞች ወደሚሰየሙበት ችሎት ይልከዋል፤ ከሌለው አያስቀርብም ብሎ ይዘጋዋል። እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ አጣሪው ብዙውን አቤቱታ ቢዘጋ አላግባብ እንዳልሆነ ያሳያል። ሲዘጋው ግን በሦስት ወይም በአራት ዐረፍተ ነገር ለአመልካቹ ይንገረው፤ ቅሬታህ የማስረጃ ምዘና ነው፣ ወይም ውሳኔው ገና የመጨረሻ አይደለም፣ ወይም የጠቀስከው ሕግ በትክክል ተተርጉሟል ይበለው። ከጎንደር ወይም ከአሶሳ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ የመጣ ሰው «መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አልተገኘበትም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይዞ ሲመለስ፣ የተዘጋበት በር የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ያላወቀው ነገር ደግሞ ጉቦ ወይም ዘር ወይም ዝምድና ይመስለዋል።